ዳኛውም ተጫዋች የሆነበት ሜዳ

በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1947 ነበር፤ ጣሊያን ከአገር ከወጣ ስድስት ዓመት፣ የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። መንግሥት የላከው የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። ሬዲንግ በሚገኘው ሌይተን ፓርክ ትምህርት ቤት ግን መምህራኑ የልጁን የሥዕል ተሰጥኦ አስተዋሉና አበረታቱት። ማዕድኑን ትቶ ለንደን የሚገኘው ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ስሌድ ገባ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተገኙት ከዚያ ልጅ ነው።

አንኮበርና እንግሊዝ ከዚያ በፊትም ይተዋወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. 1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዞችን መልእክትና ስጦታ ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የአንኮበርን ተራራ ወጥቶ ነው፤ በዚያው ዓመት ውል ተፈራረሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ መንገዱ ተገለበጠና የአንኮበሩ ልጅ ወደ እነሱ ወረደ።

አፈወርቅ በሄደበት ዓመት የለንደን ሲኒማ ቤቶች «ሂዩ ኤንድ ክራይ» የተባለ ፊልም አሳይተው ነበር። ርእሱ ሌባ ሲያመልጥ ሰፈርተኛው እየተከተለ የሚያሰማው ጩኸት የድሮ ስም ነው፤ በእኛ «ያዘው! ያዘው!» እንደ ማለት። በፊልሙ ጆ ኪርቢ የሚባል አፍላ ወጣት የልጆች መጽሔት ያነባል። መጽሔቱ ላይ በተከታታይ የሚወጣው የወንጀል ታሪክ ከተማው ውስጥ በእውነት ከሚፈጸመው ዘረፋ ጋር ይገጥምበታል። ወንበዴዎቹ መልእክት የሚለዋወጡት በመጽሔቱ ነው። ጆ ይህን ለፖሊስ ቢናገር የሚያምነው ያጣል፤ ልጅ ምን ያውቃል! ስለዚህ ጓደኞቹን ይዞ ራሱ ይከታተላቸዋል። መጨረሻው ላይ የለንደን ልጆች ከየመንደሩ ተጠራርተው በመቶዎች እየጎረፉ በቦምብ የፈራረሰውን ሰፈር ያጥለቀልቁታል። ፍርስራሹ ለፊልም ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ጦርነቱ ትቶት የሄደው ራሱ ነው። ዳይሬክተሩ ቻርልስ ክራይተን፣ አዘጋጁ ኢሊንግ ስቱዲዮ ነበሩ፤ ኢሊንግን በዓለም ያስጠራው የኮሜዲ ዘመንም የሚቆጠረው ከዚህ ፊልም ጀምሮ ነው።

እንግሊዞች ስለ ልጅነትና ስለ ጉርምስና የሠሯቸው አስቂኝ ፊልሞች ሁሉ ዘራቸው እዚህ አለ። ልጁ እውነቱን ይዟል፤ ሰሚ ግን የለውም። ተመልካቹ የሚስቀው የልጁን ጉዳይ ከልብ ይዞ፣ ትልልቆቹ እንዴት እንዳላዩት እየገረመው ነው። በእኛ ፊልምና ድራማ ውስጥ ልጅ ሲያስቅ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀው እንደ ሽማግሌ ስለሚናገር ነው። አፈ ጮሌ ሕፃን ብቅ ይላል፣ አንድ ነገር ይወረውራል፣ ተመልካች ይስቃል፣ ሕፃኑ ይወጣል። የራሱ ጉዳይ፣ የራሱ ፍርሃት፣ የራሱ ቁም ነገር የለውም። ይህ ምዕራፍ የእንግሊዞቹን ፊልሞች አንድ በአንድ የሚያነሣው ይህን ልዩነት ለማሳየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው «ዘ ቤልስ ኦፍ ሴንት ትሪንያንስ» አዳሪ የልጃገረዶች ትምህርት ቤትን ገለባብጦ ያሳያል። ጨዋ ይሆናሉ የተባሉት ተማሪዎች ፈረስ ይሰርቃሉ፣ በውድድር ይቋመራሉ፣ መምህራኑን ያሸብራሉ። ርእሰ መምህርቷን ሆኖ የተጫወተው አላስተር ሲም የተባለ ወንድ ተዋናይ ነው፤ በዚያው ፊልም የርእሰ መምህርቷን ወንድምም ሆኖ ይጫወታል። ፊልሙ የተነሣው ከሮናልድ ሰርል የካርቱን ሥዕሎች ነው። ሰርል የመጀመሪያውን የሴንት ትሪንያንስ ሥዕል ካሳተመ በኋላ ሲንጋፖር ላይ በጃፓኖች ተማርኮ የጦርነቱን ዘመን በእስር ያሳለፈ ሰው ነው። ያን ሁሉ አይቶ ተመልሶ የተማሪ ልጃገረዶችን ረብሻ መሳሉን መቀጠሉ ለሳቅ የሰጠውን ቦታ ያሳያል።

ይህን መንፈስ ከሁሉም በላይ የያዘው ግን ኮሜዲ ተብሎ የማይመደብ ፊልም ውስጥ ያለ አንድ የኳስ ጨዋታ ነው።

ኬን ሎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው «ኬስ» ባርንስሊ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ የሚኖር የቢሊ ካስፐርን ታሪክ ይነግራል። ቢሊ ቤቱ ድሃ፣ ወንድሙ ጨካኝ፣ ትምህርት ቤቱ ቀዝቃዛ የሆነበት ልጅ ነው። በዓለም ላይ የእኔ የሚለው ያሠለጠናትን አንዲት ጭልፊት ብቻ ነው። ታሪኩ ያሳዝናል። መሐሉ ላይ ግን የስፖርት መምህሩ ሚስተር ሰግደን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ጭቃ ሜዳ ላይ ያወጣቸዋል። መምህሩ የማንችስተር ዩናይትድን ቀይ መለያ ለብሷል። የአንዱ ቡድን አምበል እሱ ነው። ዳኛውም እሱ ነው። ራሱን ቦቢ ቻርልተን አድርጎ ይቆጥራል፤ ልጆቹን እየገፈተረ ያልፋል፤ ለራሱ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል። የተጋጣሚው በረኛ ኳሱን ሲያድንበት «ተንቀሳቅሰሃል» ብሎ ያስደግማል፤ ሁለተኛውን ያገባል። ቢሊ በበኩሉ በመምህሩ ቡድን ግብ ጠባቂ ተደርጎ ቆሟል፤ ሲሰለቸው ብረቱ ላይ ይንጠላጠላል።

ተመልካች እዚህ ላይ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ጨዋታው ሲያልቅ መምህሩ ቢሊን ጎል አስገባህብኝ ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያቆመዋል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ በባልዲ ውኃ የታጠበ ሰው ሳቁ በምን ፍጥነት ከፊት ላይ እንደሚጠፋ ያውቃል። ሎች ሳቁንና ብርዱን በአንድ ትዕይንት ያስቀመጠው ልጆች የሚኖሩት እንደዚያ ስለሆነ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ያስቃል፣ ያውም ክፉኛ ያስቃል፤ ግን ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ሰግደንን ሆኖ የተጫወተው ብራያን ግሎቨር በዚያን ጊዜ አስተማሪም የነጻ ትግል ተፋላሚም ነበር፤ ገጸ ባሕርዩን ከውስጥ ያውቀዋል።

የሰሜን ሸዋ ልጅ ይህን ትዕይንት ለመረዳት የእግር ኳስ ታሪክ አያስፈልገውም። የገና ጨዋታ አለለት። ሜዳው የታጨደ የገብስ ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ነው፤ ዱላው ጫፉ የቆለመመ እንጨት ነው፤ ጥንጓ ስትከንፍ እግርና ቅልጥም አትለይም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። በሌላ ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ባለመሬት ልጁ በዚያች ቀን ቁርጭምጭሚቱን ቢመታው፣ በጨዋታው መጨረሻም ስሙን እየጠራ ቢያላግጥበት ይቅር ይባልለታል። ሚስተር ሰግደን የገና ሜዳ ላይ ቢገባ ዳኝነቱን ይነጥቁት ነበር። ሁለቱም ሜዳዎች የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ትንሹ ትልቁን ቀና ብሎ የሚያይባት ትንሽ ሰዓት ይፈጥራሉ። እኛ ይህን ሰዓት በዓመት አንድ ቀን ሜዳ ላይ ስናቆየው እንግሊዞቹ ፊልም አድርገው ለዓመቱ ሁሉ አስቀመጡት።

ስለ ጉርምስና የተሠራ የለዘበና የጠራ ኮሜዲ ለሚፈልግ ግን የመጀመሪያው ምርጫ «ግሪጎሪስ ገርል» ነው። ስኮትላንዳዊው ቢል ፎርሳይት ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው 200 ሺህ ፓውንድ ገደማ በሆነ ወጪ ነው። ከተማው ከግላስጎው የተነሡ ሰዎችን ለማስፈር በአዲስ መልክ የተገነባው ከምበርኖልድ ነው፤ የስሚንቶ ድልድይ፣ የስሚንቶ ደረጃ፣ ገና ያላደገ ዛፍ። ተዋናዮቹ ብዙዎቹ የግላስጎው የወጣቶች ቴያትር ልጆች ነበሩ። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ግሪጎሪ የትምህርት ቤቱ ደካማ አጥቂ ነው፤ ዶሮቲ የምትባል ልጅ ትመጣና ከወንዶቹ ሁሉ የተሻለች ተጫዋች ሆና ቦታውን ትወስዳለች፤ እሱ ግብ ጠባቂ ይሆናል፤ ይወዳታል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር የፎርሳይትን ብልሃት ያሳያል። ግሪጎሪ ቀጠሮ ያገኛል፤ ከነጭ ጃኬቱ ጋር ሲጠብቅ ዶሮቲ አትመጣም። በእሷ ፈንታ ሌላ ልጅ ትመጣለች፤ ያቺ ለሌላዋ ታስረክበዋለች፤ ያቺም ለሌላዋ። ልጃገረዶቹ ተማክረው ግሪጎሪን በትክክል ወደምትፈልገው ወደ ሱዛን እጅ በእጅ እያቀባበሉ ያደርሱታል። እሱ ምንም አልገባውም፤ ግን ደስ ብሎታል። ማንም አልተዋረደም። ፊልሙ የብሪታንያ የፊልም አካዳሚን (ባፍታ) የድርሰት ሽልማት አግኝቷል። ልጆቹ የሚናገሩት በሰፈራቸው ስኮትላንድኛ ነው፤ ወደ አሜሪካ ሲላክ ንግግሩ በለዘበ ድምፅ እንደገና እስከ መቀዳት ደርሷል። ፊልሙ ውስጥ ግን ማንም በአነጋገሩ አይሳቅበትም፤ ሁሉም እንደዚያው ይናገራልና።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ኮሜዲ ውስጥ ከመንዝ ወይም ከተጉለት የመጣ ሰው ሲታይ ብዙ ጊዜ ቀልዱ አነጋገሩ ራሱ ነው። በርኖስ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ሊፍት ፊት ለፊት ቆሞ ይደናገራል። አዳራሹ ይስቃል። ያው ሰው አገሩ ላይ፣ በራሱ ሰዎች መካከል፣ የነገር አዋቂ፣ ቅኔ የሚያዋጣ፣ ተረብ የሚችል ነው። ካሜራው ወደ እሱ አገር ቢሄድ ሳቁ ቦታ ይለውጣል። ፎርሳይት ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጆቹን ወደ ለንደን አላመጣቸውም፤ ካሜራውን ወደ ከምበርኖልድ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ቢሊ ኤሊየት» በዓለም ይበልጥ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በተካሄደው የከሰል ሠራተኞች አድማ ውስጥ አባትየው ሥራ አቁሟል፤ ለልጁ የቦክስ ትምህርት 50 ሳንቲም ግን ይሰጠዋል። ልጁ በዚያች 50 ሳንቲም በስውር የባሌት ዳንስ ይማርባታል። ዳንሱ በቦክስ አዳራሹ ውስጥ የሚሰጠው የዳንሰኞቹ ክፍል የአድማ መቺዎቹ ሾርባ ማብሰያ ስለሆነ ነው፤ ጓንት ያጠለቁ ልጆችና ቀሚስ የለበሱ ሕፃናት በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። ቢሊን ሆኖ የተጫወተው ጄሚ ቤል በ14 ዓመቱ የዋና ተዋናይነትን የባፍታ ሽልማት ወስዷል።

ይህን ፊልም አይቶ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየው ይህ የኢትዮጵያ ፊልም ኤፍሬም የተባለ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ይከተላል። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ኤፍሬም ከበጉ ከጩኒ አይለይም፤ ምግብ ማብሰልም ይወዳል፤ አጎቱ ይህን የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣል፤ ጩኒን ለበዓል እንዲያርድ ያዘዋል። የቢሊ አባት ቦክስ ያለው እዚህ ቢላ ሆኗል። ያሬድ ፊልሙን በሐዘን ብቻ አልሞላውም፤ ልጁ በጉን ለማዳን የሚያወጣው ዘዴ ሁሉ ፈገግ ያሰኛል። የመንዝ በግ በሚረባበት፣ በግ የልጅ የመጀመሪያ ጓደኛም የመጀመሪያ ኃላፊነትም በሆነበት አገር ያደገ ሰው ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ጉሪንደር ቻዳ ናይሮቢ ተወልዳ ለንደን ያደገች የሕንድ ዝርያ ያላት ዳይሬክተር ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው «ቤንድ ኢት ላይክ ቤካም» ላይ ጄስ የምትባል ልጅ ኳስ ትወዳለች፤ እናቷ ደግሞ ወጥ እንድትሠራ ትፈልጋለች። የዋንጫው ጨዋታ የእህቷ ሠርግ ቀን ላይ ይውላል። አባትየው በወጣትነቱ በምሥራቅ አፍሪካ ጎበዝ የክሪኬት ተጫዋች ነበር፤ እንግሊዝ ሲመጣ ክለቦቹ አባረውታል፤ ልጁ ያንኑ ውርደት እንዳትቀምስ ብሎ ይከለክላታል። የፊልሙ ትልቁ ነገር ይህ አባት ነው። የሚከለክለው ስለሚወዳት መሆኑን ተመልካች ይረዳል። በሠርጉ መሐል «ሂጂ» ሲላት አዳራሹ አብሮ ይተነፍሳል። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ኮሪያ ቴሌቪዥን እስከ መታየት ደርሷል።

ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ቶሮንቶ ልጅ የሚያሳድጉ የኢትዮጵያ ወላጆች በዚህ አባት ውስጥ ራሳቸውን ያያሉ። ለነገሩ ጉዳዩ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለንደን ውስጥ የተማሩት መንግሥቱ ለማ ወደ አገር ሲመለሱ ከእንግሊዝ ያመጡት አንዱ ነገር የኮሜዲ ቴያትር ሙያ ነው። በ1957 ዓ.ም. የታተመው «ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባለባት ልጅ ከደረጃው በታች የምትባል ሴት ሲያገባ ዘመድ የሚያነሣውን አቧራ ያሳያል። «ጠልፎ በኪሴ» ዘመናዊ ነኝ የሚል ወጣት ጠለፋ ውስጥ ሲገባ የሚደርስበትን ያሳያል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ያሳተሙ ሰውም ናቸው። የቆሎ ተማሪን ሕይወት ከውስጥ ማየት የሚፈልግ የፊልም ጸሐፊ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር የሚታገል፣ የኔታን የሚፈራና የሚወድ ልጅ ከሴንት ትሪንያንስ ተማሪዎች የሚያንስ ታሪክ የለውም።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። የአማርኛ ቴያትር የመጀመሪያው ድርሰት ኮሜዲ ነበር፤ ጸሐፊውም የስያደብር ልጅ ነበሩ። በጀሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1884 ሰሜን ሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር አድዋ ዘመቱ፤ ወዲያው ሩሲያ ተወስደው እዚያ አደጉ፣ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቴያትር ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ መኳንንቱ ጉቦና ኋላ ቀርነት ነበር፤ መኳንንቱም ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴያትሩ ተከለከለ። የገና ሜዳ በጌታ ለሚያላግጥ የሚሰጠው ይቅርታ መድረክ ላይ ሳይሠራ ቀረ። የአገራችን የኮሜዲ መንገድ ገና ሲጠረግ መዘጋቱ ከባድ ጉዳት ነበር። ተክለ ሐዋርያት ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ የልጅነት ምዕራፎቹ ብቻቸውን አንድ ፊልም ይወጣቸዋል። አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ የሆነው የሸዋ ልጅ ቋንቋውን በማያውቀው የሩሲያ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሲመገብ ይታሰብ።

ተክለ ሐዋርያትና አፈወርቅ ከሰሜን ሸዋ ወጥተው በሰው አገር ያደጉ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ኮሜዲ ጻፉ፣ ሌላው ሥዕል ሣሉ። የእነሱን ጉርምስና የሚያሳይ ፊልም አማርኛ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ዲጂታል ካሜራ የአማርኛ ፊልምን «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሰሉ ኮሜዲዎችን አዳራሽ ሞልቶ እንዲያሳይ አብቅቶታል። ግን አብዛኞቹ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር፣ ሥራ ስለ ያዙ የከተማ ሰዎች ናቸው። ስምንተኛ ክፍል የሚማር፣ ድምፁ እየተሰበረ ያለ፣ ከብት ጠብቆ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ኮሜዲ ያንሰናል። ደብረ ብርሃን ዛሬ እንደ ከምበርኖልድ ፊቷን እየለወጠች ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ለረጅም ጊዜ ይዛ ቆይታ፣ አሁን የቢራ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምራለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። የገበሬ ልጅ ፋብሪካ በር ላይ ይሰለፋል፤ አባቱ ገብሱን ይዞ ገበያ ይቀመጣል። ልጅ ከአባቱ የተለየ ዓለም ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረውን አለመግባባት፣ ፎርሳይትና የ«ቢሊ ኤሊየት» ዳይሬክተር ዳልድሪ ያገኙትን ሀብት ሁሉ፣ ይህች ከተማ በየጠዋቱ በየመንገዱ ትሰጣለች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሜራ የያዘ፣ በስልክም ቢሆን ፊልም መሥራት የጀመረ ወጣት ይህን ምዕራፍ ካነበበ አንድ ነገር ይለመናል። ለመጀመሪያው ፊልሙ ወደ አዲስ አበባ አይሂድ። ጥር ሲገባ ሳይሆን ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት፣ ልጆቹ የገና ዱላ ሲቆለምሙ፣ የትኛው መምህር ከየትኛው ቡድን እንደሚሰለፍ ሲከራከሩ ይቅረጻቸው። መምህራኑም ይፍቀዱለት፤ ሜዳውም ላይ ገብተው ይጫወቱ፣ ቢሳቅባቸውም አይቆጡ።